ከኦፕራሲዮን በኋላ ደም እንዳይረጋ ስለሚሰጠው መርፌ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት ጡረተኛ ነርስ አባላችን ያደረጉት ንግግር)



 አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሳገለግል አሥራ ዘጠኙን ያሳለፍሁት በቀዶ ጥገና ክፍል ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ በሰፈራችን ግፊት የምለካ፣ መርፌ የምወጋ፣ የሐኪም ወረቀት የማነብ ሰው ሆኜ ቀርቻለሁ። ዛሬ የቆምሁት ግን ሙያዬን ልነግራችሁ አይደለም፤ በሙያዬ ስለ ተሳሳትሁት ነገር ልነግራችሁ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ታላቅ እኅቴ ስታርፍ ድንኳኑን የተከላችሁት እናንተ ናችሁ። ጡሩምባው በተነፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ አግዳሚውም ድስቱም ደርሶ ነበር፤ ውለታችሁን አልረሳም። ያን ጊዜ ብዙዎቻችሁ፣ «ምን ነካት? ኦፕራሲዮኑ ደኅና ሆኖላት አልነበረም እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔም «የእግዜር ሥራ ነው» ብዬ አለፍሁት። እውነት ነው፤ የእግዜር ሥራ ነው። ነገር ግን ሙሉውን አልነገርኋችሁም።

እኅቴ በጓሮ ልብስ ስታሰጣ ወድቃ የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ሐኪም ቤት ገብታ በብረት ተጠግኖላት በሰባተኛው ቀን በምርኩዝ እየተደገፈች ወጣች። ተኝታ በነበረችበት ጊዜ በየማታው ሆዷ ላይ የሚወጓት አንዲት ትንሽ መርፌ ነበረች። ሲያሰናብቷት ሐኪሙ ያችው መርፌ እስከ ሠላሳ አምስተኛው ቀን እንድትቀጥል ጻፈላት። የምወጋት እኔ ነበርሁ፤ የሚገዙት ደግሞ ልጆቿ ተራ በተራ እያዋጡ ነበር። በአሥራ አራተኛው ቀን ትንሿ ልጇ መጥታ፣ «አክስቴ፣ መርፌው እኮ ከበደን። ሆዷም ጠቋቁሯል፣ እሷም መራመድ ጀምራለች። ቢቀርባት ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። ሆዷን አየሁት። በምርኩዝ እስከ ደጃፍ ስትሄድም አይቻት ነበር። «ይበቃታል» አልሁ።

በእኛ ጊዜ እንዲያ ነበራ! በሽተኛው ከአልጋው ተነሥቶ ከተራመደና ወደ ቤቱ ከሄደ መርፌው ይቆም ነበር። ያንን የድሮ ዕውቀት ይዤ ፈረድሁ እንጂ ጽፎ የሰጠውን ሐኪም ደውዬ እንኳ አልጠየቅሁትም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የግራ ባቷ አበጠ። «ምርኩዙ ነው ያደከማት» ብለን በሙቅ ውሃ አሸናት። በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ ደረቷን ይዛ «አየር አጠረኝ» አለች። መኪና ፈልገን ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈች። የተቀበለን ሐኪም ነገሩን ከሰማና እግሯን ካየ በኋላ ከእግሯ የተነሣ የረጋ ደም ሳንባዋን ዘግቶት ሳይሆን እንደማይቀር ነገረን። አስከሬኗ ስላልተመረመረ ምዬ መናገር አልችልም። መርፌውን ብትጨርስ ኖሮ ይህ ፈጽሞ አይደርስባትም ነበር ማለትም አልችልም፤ መርፌው አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። መርፌውን ያስቆምሁት ግን እኔ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ደም በሥራችን ውስጥ ሲዘዋወር ፈሳሽ ነው፤ ቆዳችን ሲቆረጥ ደግሞ ይረጋል። ባይረጋ ኖሮ ሽንኩርት ስንከትፍ ጣታችንን በነካን ቁጥር ደማችን አያቆምም ነበር። ስለዚህ መርጋት በመሠረቱ የእግዜር ስጦታ ነው። ችግሩ ያለ ቦታው ሲረጋ ነው። ያለ ቦታው የሚረጋበትን ምክንያት ሐኪሞች በሦስት ይከፍሉታል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በነበረው ሩዶልፍ ፊርሆ በተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ስም ይጠራል። አንደኛው የደም ዝውውር መዝገም፣ ሁለተኛው የደም ሥር ግድግዳ መጎዳት፣ ሦስተኛው ደሙ ራሱ ለመርጋት የተዘጋጀ መሆን ነው። ልብ በሉ፤ ትልቅ ኦፕራሲዮን ሦስቱንም በአንድ ቀን ያመጣቸዋል። ሰውየው ይተኛል፣ ሥሩ ይነካል፣ ሰውነቱም «ቆስያለሁ» ብሎ ደሙን ለመርጋት ያዘጋጀዋል።

ባታችን እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው። በተራመድን ቁጥር ጡንቻው ይጨመቅና ደሙን ወደ ላይ፣ ወደ ልብ ይገፋዋል። ሰው ሲተኛ ወናፉ ይቆማል። ደሙ በባትና በጭን ባሉት ጥልቅ ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ይዘገያል፣ ይረጋል። የረጋው ደም ተቦጭቆ ከሄደ ልብን አልፎ ሳንባ ላይ ይሰነቀራል። ትንሽ ከሆነ ውጋትና የትንፋሽ ማጠር ነው፤ ትልቅ ከሆነ እኅቴን ያያችሁት ነው።

መርፌውን በተለምዶ «ደም ማቅጠኛ» እንለዋለን። ይህ ስም ብዙ ሰው አሳስቷል። ጠላ ላይ ውሃ ጨምሮ እንደማቅጠን ይመስለዋልና «ደሟ ቀጥኖ ቁስሏ ሲፈስስ ሊያድር ነው» ብሎ የሚፈራ አለ። ደሙ አይቀጥንም። በደማችን ውስጥ መርጋትን የሚገታ አንቲትሮምቢን የሚባል ጠባቂ አለ፤ መርፌው ይህን ጠባቂ ያበረታዋል፣ የመርጋቱም ሥራ ይገታል። አንድ ጊዜ የረጋውን ደም ግን መርፌው ራሱ አያሟሟውም። እርጎን መልሶ ወተት የሚያደርግ የለም፤ ይህ መርፌ ወተቱ እንዳይረጋ የሚጠብቅ ነው። አስቀድሞ መወጋቱም ስለዚሁ ነው።

የመድኃኒቱ የመጀመሪያ ስም ሄፓሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ዓ.ም. በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ ደም የሚያረጋ ነገር ሲፈልግ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አገኘ። ተማሪው ከታዘዘው ተቃራኒውን አገኘ ማለት ነው! ከዚያ መምህሩ ዊልያም ሐውል ሥራውን ቀጥለው፣ ከውሻ ጉበት የወጣ ስለ ነበር፣ በግሪክኛ ጉበት ማለት ከሆነው ቃል ስም አወጡለት።

ለኦፕራሲዮን መከላከያ መሆኑን በሰፊው ያስመሰከረው ጥናት ግን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. የወጣው ነው። በለንደኑ ሐኪም በቪጃይ ካካር መሪነት በተለያዩ አገሮች ትልቅ ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ከ4,000 በላይ ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ከኦፕራሲዮኑ ሁለት ሰዓት በፊት፣ ከዚያም በየስምንት ሰዓቱ ለሰባት ቀን አነስተኛ ሄፓሪን ተወጋ፤ ሌላው አልተወጋም። ከሞቱት መካከል አስከሬናቸው ሲመረመር ሳንባን በዘጋ የረጋ ደም የሞቱት ካልተወጉት ወገን 16፣ ከተወጉት ወገን 2 ሆነው ተገኙ። ቁስል ውስጥ ደም መቋጠር ደግሞ በተወጉት ላይ በዛ ብሎ ታየ። ነገሩ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ በአንድ በኩል መርጋት፣ በሌላ በኩል መድማት አለ፤ ሐኪሙም ሁለቱን እያመዛዘነ ነው የሚጽፈው።

ዛሬ በብዛት የምናየው ኢኖክሳፓሪን የሚባለው ነው፤ ፋርማሲ ሄዳችሁ «ክሌክሳን» ስትሉ የሚሰጧችሁ። ከሄፓሪን የተሠራ ሆኖ በቀን አንድ ጊዜ መወጋቱ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለመከላከያ የተለመደው መጠን 40 ሚሊ ግራም ነው፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ይቀነሳል። ስለዚህ «ጎረቤቴ ይህን ያህል ተወግቷል» ብሎ የሰውን መጠን መውሰድ አይገባም። የሚወሰድበትም ቀን ይለያያል። ለሆድ ኦፕራሲዮን ብዙውን ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ቀን፣ በካንሰር ምክንያት ሆድ ተከፍቶ ከሆነ አራት ሳምንት ያህል፣ ለዳሌ አጥንት ደግሞ እስከ 35 ቀን ይደርሳል። ይህንን ሐኪሙ ለእኅቴ ሲጽፍ ቁጥሩን ከራሱ አላመጣውም።

ለሁሉም ሰው ነው ወይ? አይደለም። ጎልማሳ ጤነኛ ሰው ትንሽ ኦፕራሲዮን ተደርጎለት በዚያው ቀን እየተራመደ ቤቱ ከገባ ላያስፈልገው ይችላል። ዋናዎቹ ዳሌና ጉልበት የተሠራላቸው፣ ካንሰር ያለባቸው፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶባቸው የሚያውቁ፣ በዕድሜ የገፉ፣ በጣም የወፈሩና አልጋ የያዙ ናቸው። በኦፕራሲዮን የወለዱ እናቶችም አሉ። እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ነገር ልበል። አራስ በእናት ቤት እየተከበረች መቀለቧ ያማረ ባህላችን ነው፤ ገንፎውም ቅቤውም ይሁን። ግን «አትነሽ፣ ነፋስ ይመታሻል፣ ቁስልሽ ይከፈታል» እያልን ቀኑን ሙሉ አናስተኛት። ሐኪም ካልከለከላት በቀር ትነሣ፣ ቤት ውስጥ ትመላለስ። የታመመ ልንጠይቅ ስንሄድም እንዲሁ ነው። እኛ አልጋውን ከብበን ስንቀመጥ በሽተኛው በይሉኝታ ተኝቶ ይውላል! እስቲ ጠያቂው ክንዱን ይዞ እስከ በር ያመላልሰው።

አሁን ወደ አወጋጉ። መርፌው ተሞልቶ የሚመጣ ነው፤ ውስጡ የምትታየውን የአየር አረፋ ልታወጧት አትሞክሩ፤ መድኃኒቱ አብሮ ይፈስሳልና። ሆድ ላይ፣ ከእምብርት አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ አንድ ቀን በቀኝ አንድ ቀን በግራ ይወጋል። ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይዞ መርፌውን ቀጥ አድርጎ ማስገባት፣ ቀስ ብሎ መግፋት፣ እስኪወጣም ቆዳውን አለመልቀቅ ነው። ከዚያ በኋላ አይታሽም። ያ ማሸት ነው ሆዱን የሚያጠቋቁረው። ትንሽ መጥቆር የተለመደ ስለሆነ መርፌውን ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ እኔን ያሳሳተኝ አንዱ እሱ ነው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። የኦፕራሲዮኑ ቁስል ፋሻውን አልፎ ከደማ፣ ሰገራ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ፣ ሽንት ከቀላ፣ ያልተለመደ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

መድኃኒቱ ፀሐይ የማያገኘው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ በረዶ ቤት ግን አይገባም። አንድ ቤት ሄጄ ከሥጋው ጋር ደርቆ አግኝቼዋለሁ፤ ያ ሁሉ ገንዘብ ተጣለ። የተወጋበትን መርፌ ደግሞ ክዳን ባለው የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አጠራቅሙና ለጤና ጣቢያ አስረክቡ፤ ቆሻሻ የሚያነሡት ልጆችም የሰው ልጆች ናቸው።

ከመርፌው ጋር ሐኪም ሳያዝ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን መዋጥ መድማትን ያብሳል። «ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ደም ያቀጥናል፣ መርፌው ለምን?» የሚሉም አሉ። ሽንኩርቱን በወጣችሁ ብሉት፤ በመርፌው ፈንታ ግን አይቆምም።

ሌላ ትልቅ ነገር አለ። ኦፕራሲዮን ስትገቡ ማደንዘዣው ወገብ ላይ የሚወጋ ከሆነ የመጨረሻውን መርፌ መቼ እንደተወጋችሁ ለማደንዘዣ ባለሙያው በሰዓቱ ተናገሩ። በመከላከያ መጠን የተወጋ ሰው ወገቡ እስኪነካ ቢያንስ 12 ሰዓት መቆየት አለበት። አለዚያ በአከርካሪው ዙሪያ ደም ተቋጥሮ እግርን ሽባ እስከማድረግ ሊያደርስ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሳይናገሩ ሲቀሩ ግን አደጋው ይጨምራል።

የልብ በራቸው በብረት የተተካላቸውና ዋርፋሪን የሚውጡ አባላትም እንዳሉን አውቃለሁ። ዋርፋሪን ከትልቅ ኦፕራሲዮን አምስት ቀን ያህል በፊት ይቆማል፤ በመካከሉ በመርፌው መተካት የሚያስፈልገው አለ፣ የማያስፈልገውም አለ። የልብ ምታቸው ለተዛባ ብዙ ሰዎች መተካቱ መድማትን ከመጨመር በቀር እንዳልጠቀመ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የብረት በር ያለው ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ስለዚህ በገዛ እጃችሁ አታቁሙ፣ በገዛ እጃችሁም አትተኩ።

አሁን ደግሞ አንዳንዶቻችሁ በጆሮዬ የጠየቃችሁኝን ነገር በአደባባይ ልመልስ። አዎን፣ ሄፓሪንም ኢኖክሳፓሪንም የሚሠሩት ከአሳማ አንጀት ነው። ዕድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ስለሆነ ይህ ለሁላችንም ጥያቄ ነው። አንድ አባት ይህን ከሰው ሰምተው ለማንም ሳይናገሩ መርፌውን ትራሳቸው ሥር ሲያጠራቅሙ ልጃቸው አግኝታባቸው ነበር። የሃይማኖቱን ፍርድ እኔ አልሰጥም፤ የነፍስ አባታችሁን፣ ሼሃችሁን ጠይቁ። የእኔ ድርሻ ይህ ነው፦ ከእንስሳ የማይወጣ፣ በላቦራቶሪ የሚሠራ ፎንዳፓሪኑክስ የሚባል መርፌ አለ። ለዳሌና ለጉልበት ምትክ ኦፕራሲዮን የሚዋጡ እንደ ሪቫሮክሳባን ያሉ ኪኒኖችም አሉ። ሁሉም በየፋርማሲው አይገኝም፣ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። ትራስ ሥር መደበቅ ግን ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሐኪሙ ተወግቷል ብሎ ሲተኛ በሽተኛው አልተወጋም።

እነዚህንም ምልክቶች ያዙልኝ። አንድ እግር ብቻ ቢያብጥ፣ ባት ቢሞቅና ሲነኩት ቢያም፣ አትሹት፣ ቅቤም አትቀቡት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ድንገት ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ራስን መሳት ከመጣ ደግሞ ጎረቤት ማማከር የለም፤ በተገኘው መኪና መሄድ ነው። ሐኪም ቤት ከወጡ በኋላ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሳምንት ሊመጣ ይችላል።

ወደ መጨረሻው ጉዳዬ ልምጣ፤ ሒሳብ ያዡ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። እኅቴ በሞተች ጊዜ ዕድሩ ለቀብር የሚገባውን ገንዘብ በዕለቱ ቆጥሮ ለልጆቿ አስረክቧል። እነሱ ከዚያ ስድስት፣ ሰባት ቀን በፊት ያን መርፌ ለመግዛት አጥተው ነበር። አንድ ቀን ተቀምጬ አሰላሁት። ለቀብሯ የተከፈለው ገንዘብ የቀረውን መርፌ ሁሉ ገዝቶ ይተርፍ ነበር። በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ግን ለመርፌ የሚሰጥ ሳንቲም የለም።

«ዕድር የሞት ነው፣ ለታመመ ሁሉ ከሰጠን ካዝናው ይራቆታል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ያለ ገደብ ከተሰጠ በዓመቱ ድንኳን የምንቀይርበት አይኖረንም። እኔም ስጡ አላልሁም። ኦፕራሲዮን የተደረገለት አባል ወይም ቤተሰቡ የሐኪም ማዘዣ ሲያቀርብ በሁለት አባላት ዋስትና የሚወሰድ፣ በወር በወር የሚመለስ፣ ጣሪያ ያለው ብድር ይኑረን ነው የምለው። ገንዘቡም ለሰውየው በእጁ ሳይሆን ለፋርማሲው ይከፈል። እግረ መንገዴንም፣ በዕቃ ቤታችን ውስጥ ያን ያህል አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ካለን ሁለት ጥንድ ምርኩዝ ብንጨምር ምን ይለናል?

ሐሳቡን ጽፌ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ በአጀንዳው በአራተኛ ተራ ተይዟል፤ የሚቃወም ካለ በጉባኤው ላይ ይናገር እንጂ ቡና ላይ አይተወው። የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያለው ሰው ደግሞ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቴ ይምጣ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። የማላውቀው ነገር ከገጠመኝ «ይበቃል» አልለውም፤ አብሬው ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ እጠይቅለታለሁ።